ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ እና የቀላድ መሬት

የጥንት የመሬት ይዞታ ካርታ በመስታወት ተለብጦ ከግድግዳ ሲሰቀል ጌጥ ይመስላል። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደ ሄንሪ ዋሊንግ ያሉ አሜሪካውያን መሐንዲሶች የአውራጃ ካርታ ሲያሳትሙ የየቤቱን ባለቤት ስም በቦታው ላይ ይጽፉ ነበር። በሸዋ ግን የመሬት ወሰን የሚታወቀው በወረቀት ላይ በተሳለ መስመር ሳይሆን በገመድ ነበር። ይህን አሠራር በሰፊው ካስፋፉት ነገሥታት ዋነኛው ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ናቸው።

ምኒልክ ከአባታቸው ከንጉሥ ኃይለ መለኮትና ከእናታቸው ከወይዘሮ እጅጋየሁ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በ1848 ዓ.ም. በማረፋቸው ገና በልጅነታቸው በዐፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. ከዚያ አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ፤ በ1882 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ሠራዊታቸው እየበዛና ግዛታቸው እየሰፋ በሄደ ጊዜ ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ አነስተኛ ስለ ነበር መሬት የመንግሥት ዋና ሀብት ሆነ። በመሆኑም በአዲስ አበባ ዙሪያና በሌሎች አገሮች ቀላድ ተጣለ። መሬቱ ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ እየተባለ በጋሻ ተከፈለ። የጋሻው ስፋት እንደ ቦታው ይለያይ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ ዘመን አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ሆኖ ተወሰነ። ከተለካው መሬት ለባላባቱ ሲሶ እየተተወለት፣ የቀረው ለመንግሥት፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመኳንንትና ለወታደር ይደለደል ነበር። መሬቱን ሲያርስ የኖረው ገበሬ ግን በብዙ ስፍራ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ስሙም በባለርስትነት አልተመዘገበም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆርም መኳንንቱ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ እየተመሩ ሠፈሩ። ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ራስ ተሰማ ሠፈርና ሌሎችም ከየሠፋሪው ስም ወጥተው ሲጠሩ ኖረዋል፤ ስለዚህ የከተማይቱ የመጀመሪያ የይዞታ ካርታ በሰው አንደበት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ደንብ አወጡ፤ በዚህም የከተማ ቦታ በሕግ የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት ሆነ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ።

ንጉሠ ነገሥቱ ለረጅም ጊዜ ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዘመናቸው የተጀመረው የምድር ባቡር በአቃቂ በኩል አልፎ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በኋላም የአቃቂ በሰቃ ሜዳ የፋብሪካ መንደር ሲሆን፣ ቀድሞ በጤፍና በግጦሽ የሚታወቀው መሬት በካሬ ሜትር የሚተመን ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ ወደ ሕዝብ ይዞታ በመዛወሩ፣ በቀላድ የተጀመረው የባለርስትነት ሥርዓት አበቃ።

ዐፄ ምኒልክ መሬትን በመለካት የአንድ ዘመናዊ መንግሥት መሠረት ጥለዋል፤ ያው ልኬት ደግሞ የብዙ ገበሬን መብት አጥብቧል። ሁለቱም የአንድ ሥራ ውጤት ናቸው። ስለዚህ የመሬት ካርታ የሚያነሣ መሐንዲስ ወሰኑን በትክክል ከማስመር ጋር፣ በወሰኑ ውስጥ የሚኖረው ሰው ሁሉ መመዝገቡን ማረጋገጥ ይገባዋል። የጥንቱን ካርታ ከግድግዳ የሚሰቅልም ከተጻፉት ስሞች ጎን ያልተጻፉትን ቢያስብ መልካም ነው።