ከሕግ ጠበቃነት ወደ ንስሐ አባትነት፤ የአልፎንሶ ዴ ሊጉዎሪ ሕይወት



የካቲት 16 ቀን በየአድባራቱና በየገዳማቱ ተአምረ ማርያም ሲነበብ የበላዔ ሰብእን ታሪክ የማያስታውስ ምእመን አይገኝም። ሰባ ስምንት ነፍስ ያጠፋው ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ሕመምተኛ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምክንያት ምሕረት ማግኘቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። ይህን ታሪክ ሰምቶ ተስፋ የሚያደርግ አለ፤ ኃጢአትን አቅልሎ ማየት የሚጀምርም አይጠፋም። የእመቤታችን ምልጃ ንስሐን ይተካልን? ወይስ ወደ ንስሐ የሚያደርስ ጎዳና ነው?

ይህንኑ ጥያቄ በካቶሊካውያን ዘንድ ከማንም ይልቅ የመረመሩት በ18ኛው መቶ ዓመት በደቡብ ኢጣልያ የኖሩት አልፎንሶ ዴ ሊጉዎሪ ናቸው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን መምህር በመሆናቸው በትምህርታቸው ከእኛ ሥርዓት ጋር የማይስማማ ነገር መኖሩ አይቀርም፤ እርሱንም እናመለክታለን። ሕይወታቸው ግን በዚህ በዓል ሊነገር የሚገባው ነው ብለን እናምናለን። በሚከተለው ትረካ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልፎንሶ መስከረም 27 ቀን 1696 በናፖሊ ከተማ አጠገብ ማሪያኔላ በተባለች ቦታ ተወለዱ። አባታቸው ዶን ጁዜፔ የንጉሣዊ የጦር መርከቦች አዛዥ፥ እናታቸው አና ካቫሊዬሪ ጸሎተኛ ሴት ነበሩ። አባትየው የበኩር ልጃቸው በሹመት እንዲከብርላቸው ስለፈለጉ ከጨቅላነቱ ጀምሮ በመምህራን አስከበቡት። ልጁም በ1713 ገና የ16 ዓመት ወጣት ሳለ በዓለማዊውና በቤተ ክርስቲያን ሕግ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከዚያም አልፎንሶ በናፖሊ ችሎቶች ስመ ጥር ጠበቃ ሆኑ።

በ1723 በሁለት ታላላቅ መሳፍንት መካከል በተነሣ የርስት ክርክር ከአንደኛው ወገን ቆመው ተሟገቱ፤ ተረቱም። አንድ ሰነድ አሳስተው እንዳነበቡ የሚተርኩ አሉ፤ ፍርዱን ያጣመመው የኃያላን ጣልቃ ገብነት ነው የሚሉም አሉ። ያም ሆነ ይህ አልፎንሶ ከችሎቱ ወጥተው ቤታቸውን ዘጉ፤ ለቀናትም እህል አልቀመሱም። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር መጨረሻ፥ ፈውስ የሌላቸው በሽተኞች የሚታከሙበትን ሆስፒታል ጎብኝተው ሲመለሱ፥ በምርኮኞች ቤዛነት ስም በተሠየመችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ገብተው የመኳንንትነት ምልክታቸው የሆነውን ሰይፍ በሥዕለ ማርያም ፊት አኖሩት። ከዚያ ወዲያ ወደ ችሎት አልተመለሱም። አባትየው አለቀሱ፥ ተቆጡ፥ ለመኑ፤ ልጃቸው ግን ታኅሣሥ 21 ቀን 1726 ቅስና ተቀበሉ።

አዲሱ ቄስ ያዘወተሩት የናፖሊን ድሆች መንደር ነው። የቀን ሠራተኛው፥ ፀጉር አስተካካዩ፥ እጁ ላይ ያለውን የዕለት እንጀራ ብቻ የሚያውቀው ሁሉ ማታ ማታ ተሰብስቦ እንዲጸልይና እንዲማር አደረጉ። በጉባኤዎቹ ይመሩና ያስተምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ምእመናን ራሳቸው ነበሩ። በ1730 ጤናቸው ተጓድሎ ለዕረፍት ከአማልፊ በላይ ወዳለው የስካላ ተራራ ወጡ። በዚያም የፍየል እረኞችን አገኙ። ናፖሊ በካህናት ተሞልታ ሳለ እነዚህ ሰዎች ግን የሚያስተምራቸውም፥ ኑዛዜያቸውን የሚቀበላቸውም አልነበራቸውም። ዕረፍቱ በዚሁ ተቋረጠ። ኅዳር 9 ቀን 1732 በስካላ ለገጠሩ ሕዝብ የሚሰብክ የካህናት ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በኋላ የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተብሏል። ከመጀመሪያ ባልንጀሮቻቸው አብዛኞቹ ብዙም ሳይቆዩ ትተዋቸው ሄዱ። ማኅበሩ ግን ጸንቶ በ1749 ከሮማው ፓፓ ከቤኔዲክቶስ 14ኛ ፈቃድ አገኘ።

ወደ ዋናው ነገራችን የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ ያንሴናውያን በሚባሉት ወገኖች ትምህርት ምክንያት ብዙ ካህናት በተነሳሒው ላይ እጅግ ይጠብቁ ነበር። ሰውየው ጸጸቱ ፍጹም መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ሥርየቱን ያዘገዩበታል፤ ከቅዱስ ቁርባንም ለረዥም ጊዜ ያርቁታል። አልፎንሶ ራሳቸው በተማሪነት ዘመናቸው የቀሰሙት ይህንኑ ጥብቅ መንገድ ነበር። በተራራ ከእረኛው፥ በሜዳ ከገበሬው ጋር ተቀምጠው ኑዛዜ መቀበል ሲጀምሩ ግን ሌላ ነገር አዩ። በካህኑ ቁጣ የተባረረው ሰው በአብዛኛው ተሻሽሎ አልተመለሰም፤ ከነጭራሹ ቀረ እንጂ።

ስለዚህ በ1748 መታተም የጀመረውንና በሕይወት ሳሉ ዘጠኝ ጊዜ የታተመውን ታላቅ የምግባር ትምህርት መጽሐፋቸውን ጻፉ። በውስጡ የሕግ አዋቂነታቸው ይታያል። መኖሩ በእኩል ሚዛን የሚያጠራጥር ሕግ የሰውን ኅሊና ሊያስር እንደማይችል ተከራከሩ፤ ኃጢአትን ጽድቅ ነው ከሚሉት ልል መምህራንም ጋር አልተስማሙም። ለተናዛዥ ካህናት ባዘጋጁት መመሪያ ካህኑ አባት፥ ሐኪም፥ መምህርና ዳኛ መሆኑን ዘርዝረው አባትነቱን አስቀደሙ። ዳኝነቱ በዝርዝሩ መጨረሻ መምጣቱን ልብ ይሏል። የንስሐ አባት እንደ ቤተሰብ በሚታይበት በእኛ ሀገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለዚያ ዘመን ኢጣልያ ግን ብዙ ሙግት ያስነሣ አሳብ ነበር።

በ1750 ደግሞ የማርያም ክብር የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። የመጀመሪያው ክፍል ምዕራባውያን እመቤታችንን ንግሥትና የምሕረት እናት እያሉ የሚማጸኑበትን ጥንታዊ ጸሎት ቃል በቃል ይተረጉማል። ያ ጸሎት እመቤታችንን ጠበቃችን ብሎ ይጠራታል፤ ሰይፉን በሥዕሏ ፊት ያኖረው የቀድሞ ጠበቃ ይህን ቃል ሲያብራራ ብዕሩ ፈጥኖ እንደሮጠ አንባቢ አይስተውም። በዚያው ዘመን ሉዶቪኮ ሙራቶሪ የተባሉ ሊቅ ካህን በ1747 ባሳተሙት መጽሐፍ ሕዝቡ ለእመቤታችን የሚያቀርበው ክብር ከልኩ እንዳያልፍ አሳስበው ነበር። አልፎንሶ ሊቁን ቢያከብሩም አሳባቸውን አልተቀበሉም። ክርስቶስ በገዛ ደሙ በጽድቅ የታረቀልን አስታራቂ ነው፤ ማርያም በጸሎቷ የምታማልድ ናት፤ ጸጋውም ሁሉ በእርሷ ልመና በኩል ይደርሰናል ሲሉ አስተማሩ። ኃጢአትን ይቅር የሚል እግዚአብሔር ብቻ መሆኑን ግን አንድም ቦታ አልሸሸጉም። ካቶሊካውያን በመቁጠሪያ የሚደግሙት የመልአኩ ሰላምታ ጸሎትም ይህንኑ ይመሰክራል። የመጀመሪያው እኩሌታ እንደ እኛው በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ከወንጌለ ሉቃስ የተወሰደ ነው፤ በ1568 በሮማ የጸሎት መጽሐፍ የጸናው ሁለተኛው እኩሌታ ደግሞ አሁንም በሞት ሰዓትም ለኃጢአተኞች እንድትለምን ይጠይቃታል። የሚጠይቃት ልመናን እንጂ ሥርየትን አይደለም።

በዚህ መጽሐፍ ካመጧቸው ምሳሌዎች አንዷ ግብፃዊቷ ማርያም ናት፤ በስንክሳራችንም የታወቀች ናት። በዝሙት የኖረችው ይህች ሴት በኢየሩሳሌም ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ስትል የማይታይ ኃይል ከለከላት። በእመቤታችን ሥዕል ፊት አልቅሳ ሕይወቷን ልትለውጥ ቃል ከገባች በኋላ በሩ ተከፈተላት፤ ከዚያም ዮርዳኖስን ተሻግራ እስከ ዕለተ ሞቷ በበረሃ በተጋድሎ ኖረች። የነፍሱን ሽያጭ ውል ለሰይጣን ፈርሞ በእመቤታችን ልመና ያስመለሰው የቴዎፍሎስ ታሪክም በመጽሐፉ ይገኛል። በእርግጥ እንዲህ ያሉት ትረካዎች የጋራ ቅርስ ናቸው። የእኛ ተአምረ ማርያምም በምዕራብ ከተሰበሰቡ ትረካዎች ብዙዎቹን ተቀብሎ በዐረብኛ በኩል በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ በሀገራችንም የራሱን ታሪኮች ጨምሮ ሰፍቷል። አልፎንሶ ከነዚህ ምሳሌዎች ጎን ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አኑረዋል። ማርያም ታድነኛለች እያለ ሆን ብሎ በኃጢአቱ ሊቀጥል የሚሻ ሰው ጥበቃዋ አይገባውም፤ ከኃጢአቱ ለመውጣት የሚታገለው ግን ደጋግሞ ቢወድቅም ከእርሷ አይራቅ።

ከእኛ የሚለዩበትም አለ። ከሞት በኋላ የሚያነጻ የመካነ ንስሐ እሳት እንዳለ ያስተምሩ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናችን ለሙታን ብትጸልይም ይህን ትምህርት አትቀበልም። ከሞታቸው 67 ዓመት በኋላ በ1854 ሮማ በድንጋጌ ስላጸናችው ስለ እመቤታችን መፀነስ ትምህርትም አስቀድመው አጥብቀው ተሟግተዋል። እርሱ ሰፊ ነገር ነውና እዚህ አንገባበትም።

በ1762 በ65 ዓመታቸው፥ እምቢታቸው ሳይሰማላቸው፥ የሳንታጋታ ዴይ ጎቲ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ብዙም ሳይቆይ በ1764 በናፖሊ ግዛት ጽኑ ረሃብ ሆነ። ጳጳሱ ሠረገላቸውንና በቅሎዎቻቸውን ሸጠው ድሆችን መገቡ። በ1768 ያዛቸው የመገጣጠሚያ ሕመም አንገታቸውን ስለቆለመመው አገጫቸው ደረታቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። በ1775 ከመንበራቸው በፈቃዳቸው ወርደው ፓጋኒ ወዳለው የማኅበራቸው ቤት ተመለሱ።

ያረፉ መስሏቸው ነበር። በ1780 ግን የናፖሊ መንግሥት እንዲያጸድቀው ተብሎ የማኅበሩን ሕግ የለወጠ ሰነድ ቀረበላቸው፤ ዐይናቸው ደክሞ ነበርና ባልደረቦቻቸውን አምነው ፈረሙ። ፓፓው ተቆጥተው በናፖሊ የነበሩትን ወገኖች ከማኅበሩ ለዩአቸው። እንዲህም ሆኖ መሥራቹ ራሳቸው ከመሠረቱት ማኅበር ውጭ ሆኑ። በጠበቃነት ዘመናቸው በሰነድ ሰበብ የተረቱት ሰው በእርጅናቸውም በሰነድ ተረቱ። ከዚህ የከፋው ግን የውስጥ ሕማማቸው ነበር። ሺህ ተነሳሕያንን ያጽናኑት አረጋዊ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የገዛ ኃጢአታቸው እንዳልተሰረየላቸው እየተጠራጠሩ ይጨነቁ ጀመር። ሌሊትም ቢሆን የንስሐ አባታቸውን ያስጠሩ ነበር፤ ሌሎችን ሲሰጡት የኖሩትን የማጽናኛ ቃል ከካህኑ አፍ ሲሰሙ ነበር ጥቂት የሚረጋጉት።

ነሐሴ 1 ቀን 1787፥ 91ኛ ዓመታቸው ሊሞላ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፥ የቀትሩ የመልአኩ ሰላምታ ደወል ሲደወል በፓጋኒ ዐረፉ። የተከፈለው ማኅበራቸው በ1793 ተመልሶ አንድ ሆነ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1839 ቅድስና፥ በ1871 የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሚለውን ማዕረግ ሰጥታቸዋለች፤ በ1950 ደግሞ የተናዛዥ ካህናት ጠባቂ ብላ ሰይማቸዋለች።