የቅርጫት ኳስ አባት ዶክቶር ጄምስ ኔይስሚዝ

ከኳስ ጨዋታዎች የብዙዎቹ ፈጣሪ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። የቅርጫት ኳስ ግን ፈጣሪው፥ ቦታውና ቀኑ ሳይቀር የታወቀ ስለ ሆነ የእኒህን መምህር ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን።

ጄምስ ኔይስሚዝ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በካናዳ አገር በአልሞንት አጠገብ ተወለዱ። በ1870 ዓ.ም. አባትና እናታቸው በተስቦ ሞቱባቸውና በዘመድ እጅ አደጉ። ትምህርታቸውን አቋርጠው ከእንጨት ቈራጮች ጋር ከሠሩ በኋላ ተመልሰው ተማሩ፤ በ1887 ዓ.ም. ከማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ።

በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ አንድ ችግር ገጠማቸው። ወራቱ የበረዶ ስለ ነበረ 18 ተማሪዎች በአዳራሽ ውስጥ በሚሠራው ጂምናስቲክ ተሰላችተው አስቸገሩ። ሁለት መምህራንም አልሆን ብሏቸው ትተዋቸው ነበር። አለቃቸው ዶክቶር ጉሊክ በ14 ቀን ውስጥ አዲስ ጨዋታ እንዲያገኙ ኔይስሚዝን አዘዟቸው። እሳቸውም የሜዳ ጨዋታዎችን ወደ አዳራሹ ቢያስገቡ ተማሪዎቹ እርስ በርሳቸው ተጐዳዱ፤ ቀኑም ሊያልቅ ተቃረበ።

ኔይስሚዝ ግን ተስፋ ሳይቈርጡ ነገሩን አንድ በአንድ መረመሩት። ጉዳት የሚመጣው ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ለመጣል በሚደረገው ትግል መሆኑን ስላዩ፥ ይዞ መሮጥን ከለከሉ። ግቡ ፊት ለፊት ሲሆን ኳሱ በኀይል ይመታል፤ ከራስ በላይ ቢሆን ግን ቀስ ብሎ አጕኖ መጣል ያስፈልጋል። ይህንንም ሐሳብ ያገኙት በልጅነታቸው በትልቅ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ትንሽ ድንጋይ በውርወራ ለመጣል ከሚጫወቱት ጨዋታ ነው።

የሕንፃውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን ቢጠይቁት ሣጥን አጥቶ ሁለት የኮክ ቅርጫት አመጣላቸው። ቅርጫቶቹን 10 ጫማ ከፍታ ባለው ሰገነት ላይ በሚስማር አያያዙ፤ 13 ደንቦችም ጽፈው ለጠፉ። ዲሴምበር 21 ቀን ተማሪዎቹ ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው በእግር ኳስ ኳስ ተጫወቱ። በዚያ ቀን የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቅርጫቱ ሥሩ ድፍን ስለ ነበረ የገባውን ኳስ ሰው በመሰላል ወጥቶ ያወርደው ነበር።

ጨዋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ብዙ አገር ተሻገረ። እሳቸው ግን ሀብት አልፈለጉበትም። በ1898 ዓ.ም. በሕክምና ተመርቀው ወደ ካንዛስ ዩኒቨርሲቲ ሄዱና እስከ እርጅናቸው አስተማሩ። በ1936 ዓ.ም. በበርሊን ኦሊምፒክ ጨዋታቸውን ለማየት በቁ፤ በ1939 ዓ.ም. በ78 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ መፍጠር ማለት የችግርን ምክንያት ጠይቆ ለእያንዳንዱ መልስ መፈለግ መሆኑን ነው። ደግሞም መምህራኖቻችን አይቀየሙን እንጂ፥ እነዚያ 18 አስቸጋሪ ተማሪዎች ባይኖሩ ኖሮ የቅርጫት ኳስ ባልተገኘም ነበር።