የአዳኝ አእዋፍ ባለውለታ ሮዛሊ ኤጅ

በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ሃውክ ማውንቴን ወይም የጭልፊት ተራራ በተባለው ሸንተረር ላይ፣ በየዓመቱ በመጸው ወራት ወደ ደቡብ የሚፈልሱ ንስሮችና ጭልፊቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እ.ኤ.አ በ1934 የተጀመረው ይህ ቆጠራ በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረ የአዳኝ አእዋፍ መዝገብ ነው። ለመጀመሩ ምክንያት የሆኑት ደግሞ የኒውዮርክ ተወላጅዋ ሮዛሊ ኤጅ ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1877 የተወለዱት ኤጅ ለአደባባይ ሥራ የበቁት ለሴቶች የመምረጥ መብት በተደረገው ትግል ነው። በራሪ ጽሁፍ ማዘጋጀትን፣ ሕዝብ ማስተባበርንና ባለሥልጣናትን ያለመታከት መጠየቅን የተማሩትም በዚሁ ትግል ነበር። ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1929፣ የአስቸኳይ የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚቴን መሠረቱ። በታላቁ የኦዱቦን የአእዋፍ ጥበቃ ማህበር መጠለያ ውስጥ እንስሳት ለፀጉራቸው ሲባል በወጥመድ መያዛቸውንም አጥብቀው ተቃወሙ። የማህበሩ አመራር የአባላቱን ስም ዝርዝር አልሰጥም ባላቸው ጊዜ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርበው ረቱ።

በዚያ ዘመን አዳኝ አእዋፍ የዶሮና የአደን እንስሳት ጠላት ተደርገው ይታዩ ነበር። የፔንሲልቬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ በ1929 ጎስሃውክ የተባለውን ጭልፊት ለገደለ ሰው 5 ዶላር ሽልማት ደነገገ። አዳኞችም በየመጸው ወደ ሸንተረሩ እየወጡ፣ ዝርያ ሳይለዩ ያገኙትን ሁሉ ይተኩሱበት ነበር። ነፋስ የተራራውን ጎን ሲመታ ወደ ላይ ስለሚነሳ፣ አእዋፉ ክንፋቸውን ብዙም ሳያርገበግቡ በዚያው ነፋስ ላይ ተንሳፍፈው ሸንተረሩን ይከተላሉ። ጉልበት የሚቆጥብላቸው ይኸው መንገድ ለጠመንጃ አጋለጣቸው። እ.ኤ.አ በ1932 በሥፍራው የተነሱ ፎቶግራፎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሬሳዎች መሬት ላይ ተደርድረው አሳዩ።

ኤጅ ነገሩን በሰሙ ጊዜ ሌሎች ማህበራት እርምጃ ይወስዳሉ ብለው ጠበቁ። የሚንቀሳቀስ ባለመኖሩ ግን እ.ኤ.አ በ1934 ወደ 1 ሺህ 400 ኤከር የሚሆነውን መሬት፣ በኋላ የመግዛት መብት ጭምር፣ በ500 ዶላር ተከራዩ። ሞሪስ ብሩን የተባሉትን ወጣት የተፈጥሮ ተመራማሪም ጠባቂ አድርገው ሾሙ። ብሩን ከባለቤታቸው ከኢርማ ጋር በመግቢያው ላይ ቆመው አዳኞችን መለሱ። ተኩሱም ቆመ። ቦታው በዓለም የመጀመሪያው የአዳኝ አእዋፍ መጠለያ ሆነ።

ብሩን ከጥበቃው ጎን ለጎን የሚያልፉትን አእዋፍ በየዝርያቸው ለይተው በየዕለቱ መመዝገብ ጀመሩ። ቆጠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጥቂት ዓመታት ከመቋረጡ በስተቀር እስከ ዛሬ ዘልቋል። በዘመናችን ከነሐሴ 9 እስከ ታህሣሥ 6 የሚካሄድ ሲሆን፣ በአማካይ በዓመት ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ አእዋፍ ይመዘገባሉ።

የመዝገቡ ዋጋ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ ከ1935 እስከ 1939 በሸንተረሩ ካለፉት ራሰ ነጭ ንስሮች መካከል 40 በመቶው ታዳጊዎች ነበሩ። ከ1955 እስከ 1959 ባሉት ዓመታት ድርሻቸው ወደ 20 በመቶ ወረደ። በ1957 ብቻ ለ32 ጎልማሳ ንስሮች የታየው ታዳጊ አንድ ነበር። ጎልማሶቹ በሰማይ ላይ ይታዩ እንጂ የሚተካቸው ትውልድ እየጠፋ ነበር። ሳይንቲስቷ ሬቸል ካርሰን እ.ኤ.አ በ1962 ባሳተሙት ዝምተኛው ጸደይ በተሰኘው መጽሐፋቸው፣ ዲዲቲን በመሳሰሉ ፀረ-ተባይ ኬሚካሎች ላይ ላቀረቡት ክስ እነዚህን ቁጥሮች በማስረጃነት ተጠቀሙባቸው። ዲዲቲ የአዳኝ አእዋፍን የእንቁላል ቅርፊት እንደሚያሳሳም በኋላ በጥናት ተረጋግጧል። አሜሪካ ኬሚካሉን ለግብርና እንዳይውል እ.ኤ.አ በ1972 አገደች። ንስሩም እ.ኤ.አ በ2007 የመጥፋት ሥጋት ካንዣበበባቸው ዝርያዎች መዝገብ ተሰረዘ።

ኤጅ ይህን ፍሬ ለማየት አልታደሉም። መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ወራት በኋላ፣ በኅዳር ወር 1962 እ.ኤ.አ፣ በ85 ዓመታቸው አረፉ። ከሞታቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ግን፣ በአንድ ወቅት የከሰሱት የኦዱቦን ማህበር አባላት በዓመታዊ ስብሰባቸው ላይ ከመቀመጫቸው ተነስተው በጭብጨባ አክብረዋቸዋል።

አንድ ዝርያ ሊጠበቅ የሚገባው ገና በብዛት ሳለ ነው የሚለው የኤጅ እምነት ለሀገራችንም ቅርብ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚፈልሱ ንስሮችና ጭልፊቶች በየመጸው በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ ይሻገራሉ። ኢትዮጵያም መተላለፊያቸውና የክረምት ማረፊያቸው ናት። የኤጅ ሕይወት እንደሚያስረዳው፣ ጉዳት መድረሱን በጊዜው ለማወቅ የሚቻለው ደህናው ዘመን አስቀድሞ በመዝገብ ሰፍሮ ሲገኝ ነው።