አፄ ምኒልክና የከብት እልቂቱ ዘመን

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስማቸው በአብዛኛው የሚነሳው ከዓድዋ ድል፣ ከአዲስ አበባ መቆርቆርና ከባቡር ሐዲድ ጋር ነው። የዘውድ ዘመናቸው የመጀመሪያ ከባድ ፈተና ከከብት በሽታ የመነጨ መሆኑ ግን እምብዛም አይወሳም።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም ሲያርፉ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ፣ በ1857 ዓ.ም ከመቅደላ አምልጠው የሸዋን ዙፋን ያዙ።

በ1880 ዓ.ም ገደማ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የመጣው ወረርሽኝ በአጭር ጊዜ ደጋውንና ቆላውን አዳረሰ። በሽታው በአማርኛ ደስታ ይባላል፤ ስሙና ግብሩ ከቶ አይገናኙም። ቫይረሱ ከታመመው ከብት ወደ ጤነኛው በቅርብ ንክኪ የሚተላለፍ ሲሆን፣ አፍን ያቆስላል፣ ብርቱ ተቅማጥ ያስከትላል፣ ብዙውን ጊዜም ከብቱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ይገድላል። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይገመታል።

ላሟ ስትሞት የሕፃናት ወተት ነጠፈ፤ በሬው ሲሞት እርሻ ቆመ። ዛሬ ምዕራብ ሸዋ በሚባለው አካባቢ፣ በጭልሞ ደንና በጊንጪ ዙሪያ ያለውን ዋልካ መሬት የሚያውቅ ሰው የችግሩን ክብደት አያጣውም። በበጋ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር፣ በክረምት የሚያጣብቅ አፈር በመሆኑ ያለ ጥማድ በሬ ማረስ እጅግ አድካሚ ነው። ድርቅና አንበጣ ተደርበውበት ክፉ ቀን በመባል የሚታወሰው ረሃብ እስከ 1884 ዓ.ም ዘለቀ።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በዚሁ ረሃብ መካከል ነበር። ጎተራቸውን አስከፍተው ለተራበው እህል አደሉ። በሬ ያለቀበት ገበሬ በዶማ እንዲቆፍር አዘው፣ እርሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። ሕዝቡ ከብት አልባ ሆኖ ሳለ ከበሬ ሥጋ መታቀባቸውም ይነገራል። መኳንንት በእጃቸው መሥራትን እንደ ነውር በሚቆጥሩበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ታሪኩ ሌላ ገጽታም እንዳለው መካድ አይገባም። ሸዋ ያጣችው ከብት በከፊል የተተካው ወደ ደቡብ በተደረጉ ዘመቻዎች ሲሆን፣ በ1887 ዓ.ም ከወላይታ እጅግ ብዙ ከብት ተነድቶ መጥቷል። ለዚያ አገር ሕዝብ ይህ ራሱ ክፉ ቀን ነበር።

በዘመኑ ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ሊቅ ሮበርት ኮህ በደቡብ አፍሪካ ምርምር የጀመረው በ1889 ዓ.ም፣ ወረርሽኙ አህጉሪቱን አቋርጦ እዚያ ከደረሰ በኋላ ነበር።

ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ እርሻ የራሱ ሚኒስትር እንዲኖረው አደረጉ። ከረጅም ሕመም በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ። ቤተ መንግሥት ባሠሩባት፣ በአምቦ መንገድ ላይ በምትገኘው ሆለታ የቦረና ላሞችን ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር በማዳቀል የወተት ምርትን የማሳደግ ምርምር በ1960ዎቹ ተጀመረ። ቀደም ብሎ በ1950ዎቹ እንግሊዛዊው ዋልተር ፕላውራይት በኬንያ ያዘጋጀው ክትባት ደስታን የመግታት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተረጋገጠው በ2000 ዓ.ም፣ ንጉሡ ካረፉ ከ94 ዓመት በኋላ ነው፤ በ2003 ዓ.ም ደግሞ በሽታው ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ።