ከባርነት ወጥቶ በፈቃዱ ያገለገለ ሰው

ትሕትና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አንገት መድፋትንና ለስለስ ብሎ መናገርን ነው። ዛሬ ግን ትሕትና በሥራ ሲገለጥ ምን እንደሚመስል ከአንድ ወገናችን ሕይወት አብረን እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ አንድ ሕፃን ተወለደ። ስሙንም ሂካ አሉት፤ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ፤ በዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነጻ ወጣ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ተቀብለው አስተማሩት። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ የሚል ስም ተሰጠው። ይህ ስም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ የምናገኘው የዚያ ባሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም ጠቃሚ ማለት ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በስዊድን አገር ለአምስት ዓመት ተምረው ተመለሱ። በ1881 ወንጌልን ለሕዝባቸው ለማድረስ በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመሩ፤ ነገር ግን መንገዱ አልተከፈተም። ምፅዋ አጠገብ ወዳለችው ምንኩሉ ተመልሰው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተቀመጡ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ከአገራቸው ገና በልጅነታቸው ስለተወሰዱ የእናታቸውን ቋንቋ የሚፈልጉትን ያህል አያውቁትም ነበር። ታዲያ አውሮፓ የተማሩት ሰው ምን አደረጉ? አስቴር ጋኖ ከምትባል፣ እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ ከወጣች ወጣት ተማሩ። እርስዋ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን እየሰበሰበች በትርጉሙ ሥራ ደከመች። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ። የአስቴር ስም ግን ለብዙ ዘመን እምብዛም አልተነሣም። እርስዋ ግን ሥራዋን አልተወችም።

በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ያ መጽሐፍ ቅዱስ በእጃቸው የነበረ ሰው በነቀምቴ ሕፃናትን ፊደል ለማስቆጠር አላፈሩም። በ1906 ተከሰው ከመስበክ ሲታገዱም አልሸሹም፤ እስከ 1916 ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ በጸጥታ ቆዩ። በ1931 እዚያው በሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል አረፉ።

ወገኖቼ! ባርነትን የቀመሰ ሰው ነጻ ሲወጣ መከበርና መታዘዝ ቢመኝ ማን ይፈርድበታል? እኚህ ሰው ግን በግድ የተጫነባቸውን ቀንበር ከጣሉ በኋላ የፍቅርን ቀንበር በፈቃዳቸው ተሸከሙ። ጌታችንም ሁሉ በእጁ እንደ ተሰጠው እያወቀ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጥቧል።

እኛስ? በቤተ ክርስቲያናችን ስለ መድረክና ስለ ማዕረግ ስንከራከር ወንበር የሚደረድሩትን፣ ሕፃናትን የሚያስተምሩትን እናያቸዋለን? በዕድሜም ሆነ በትምህርት ከምናንሳቸው ከምንላቸው ሰዎች ለመማር ልባችን ይፈቅዳል? ስማችን ሳይጠራ እንደ አስቴር መሥራት እንችላለን? በዚህ ሳምንት ማንም የማያየውን አንድ አገልግሎት መርጠን እንጀምር።

ጌታ የትሕትናን ልብ ይስጠን። አሜን!