ይልማ ዴሬሳና የምክር ቤቱ ጥያቄ

በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቆሞ ስለ አገር ገንዘብ መልስ መስጠት በኢትዮጵያ ረዥም ዕድሜ ያለው ሥራ አይደለም። ይህን ሸክም ቀድመው ከተሸከሙት ሰዎች አንዱ የወለጋው ተወላጅ ይልማ ዴሬሳ ነበሩ።

ይልማ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ተወለዱ። አባታቸው ብላታ ዴሬሳ አመንቴ በብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ላይ ይጽፉ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። ልጃቸው በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ወደ ሎንዶን ተሻግረው የኤኮኖሚ ትምህርት አጠኑ። ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት በ1928 ዓ.ም. በነቀምቴ የተደራጀው የጥቁር አንበሳ ማኅበር አባል ሆኑ። ከነጻነት በኋላ በገንዘብ ሚኒስቴር ተሾመው፣ በ1935 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተልከው በጦርነት ለተጎዳችው አገራቸው እርዳታ ጠየቁ። ቀጥሎም በዋሽንግተን አምባሳደር፣ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለብዙ ዓመታት የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ።

በዚህ ጊዜ ግን ሥራው እንደ ድሮው አልነበረም። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ወጥቶ፣ በ1950 ዓ.ም. ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች ተሰብስበው ነበር። በጀት በምክር ቤቱ መመርመር ነበረበት። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ከጠራው፣ ሚኒስትር ራሱ ቀርቦ ወይም ምክትሉን ልኮ ሊወጣ ስለታሰበው ሕግ በቃል ወይም በጽሑፍ የመመለስ ግዴታ ነበረበት። ሆኖም ሚኒስትርን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ።

የገንዘብ ሚኒስትር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚዘጋጀው በዋዜማው ሌሊት አይደለም። ያለፈው ዓመት ገቢ ስንት እንደነበረ፣ ከጉምሩክ ምን እንደተገኘ፣ ከመሬት ምን እንደገባ፣ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ምን ጠይቆ ምን እንደተቀነሰበት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁጥሩ አይደለም፤ ግብሩን በመጨረሻ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። የዚህ መልስ በመዝገብ ቤት አይገኝም።

ይህም በ1960 ዓ.ም. ታየ። አሥራትን ሽሮ ገበሬው ባመረተው ልክ እንዲከፍል የሚያዝዘው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሕግ ከብዙ ክርክርና ማሻሻያ በኋላ በምክር ቤቱ አልፎ፣ አዋጅ ቁጥር 255 ሆኖ ወጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ አሥራት ያረጀ ግብር ነበርና። የጎጃም ገበሬ ግን ግምቱና ልኬታው ርስቱን የሚነጥቅበት መስሎት ሸፈተ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ። ሕጉ በምክር ቤቱ አዳራሽ አልፎ በአውድማው ላይ ወደቀ።

ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ይልማ የተማሩ፣ በሥራ ብዛት መካከል ስለ ዐሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ነበሩ። ጉድለቱ የአሠራሩ ነበር። ፓርቲ ባልነበረበት ምክር ቤት እንደራሴው የገበሬውን ፍርሃት አጠናክሮ የሚያቀርብበት መንገድ ጠባብ ነበር፤ ሹመቱ ከላይ የሆነ ሚኒስትርም ዋና ጭንቀቱ ወደ ላይ ነው። ጥያቄው ሲደክም መልሱም አብሮ ይደክማል።

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ምክር ቤቱም በ1967 ዓ.ም. መባቻ ተበተነ። ይልማም ከሌሎች ሹማምንት ጋር ታስረው፣ በ1971 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅና አሠራራቸውን እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። በጽሑፍ ሲታይ ከይልማ ዘመን የሰፋ ነው። ነገር ግን ሚኒስትርን በትጋት እንዲዘጋጅ የሚያደርገው አንቀጹ ብቻ አይደለም፤ አጥንቶ የሚጠይቅ እንደራሴና እንደራሴውን የሚጠይቅ መራጭ ነው። እኛ ተማሪዎች ነገ ከሁለቱ ወንበሮች በአንዱ እንቀመጥ ይሆናል፤ ከመራጭነት ግን ማናችንም አናመልጥም። ስለዚህ ዝግጅቱን ከዛሬ እንጀምር።