ሬኦሚርና እናት የሌላቸው ጫጩቶች

ቆላ ድባ፦ ከመፈልፈያ ጣቢያ የተገዛ የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ተጭኖ ደንቢያ ሲደርስ ዋናው ፈተና የሚጀምረው በመጀመሪያው ሌሊት ነው። ላባ ያላወጣ ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል ብርድና እርጥበት ይፈጀዋል፤ በተለይም ክረምት ገብቶ የጣና ዳር ጥቁር አፈር ውኃ ሲያቁር ጉዳቱ ይበረታል። በዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ እንቁላል መጣል አቁማ መታቀፍ ያማራት የአገር ዶሮ፣ አመሏን እንድትተው በሚል ቁልቁል ተሰቅላ ወይም አፍንጫዋ ላይ ላባ ተሰክቶባት ትገኛለች። የማኅበር ገንዘብ የወጣበት ጫጩት በብርድ ሲያልቅ፣ ሊያሞቀው የሚችለው ክንፍ እንዲህ መቀጣቱ የሚያሳዝን ነው።

እናት የሌለውን ጫጩት ከአሳዳጊ ጋር የማገናኘቱን ዘዴ በተግባር ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ሬኔ አንቷን ደ ሬኦሚር ነው። ሬኦሚር በ1683 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ላ ሮሼል በተባለችው የባሕር ጠረፍ ከተማ ተወለደ። በ1703 ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1708 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። ስለ ብረትና ስለ አረብ ብረት አሠራር በ1722 ያወጣው ጽሑፍ ከመንግሥት ጡረታ አስገኝቶለታል። በ1730 የሠራው የሙቀት መለኪያ ውኃ የሚረጋበትን ነጥብ ዜሮ፣ የሚፈላበትን 80 አድርጎ የሚቆጥር ሲሆን፣ ስሙ በሰፊው የታወቀው በዚሁ ነው። ስለ ነፍሳት የጻፈው ስድስት ቅጽ መጽሐፍም ከ1734 እስከ 1742 ታትሟል።

ይህ ሁሉ ዝና ያለው ሰው ፊቱን ወደ ዶሮ ቤት ማዞሩ ያስገርም ይሆናል። መነሻው ግብፅ ነች። ከጣና የሚወጣው ዓባይ በመጨረሻ በሚደርስበት የግብፅ ቆላ፣ የበርማ መንደር ሰዎች በጡብ በተሠሩ ምድጃዎች በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ያለ ዶሮ ይፈለፍሉ ነበር። ሬኦሚር ግብፅ ከፒራሚዶቿ ይልቅ በእነዚህ ምድጃዎች ልትኮራ ይገባታል ባይ ነበር። የበርማ ሰዎች ሙቀቱን የሚያውቁት በልምድ ነው፤ እሱ ግን በመለኪያው ለክቶ ማንም ገበሬ እንዲሠራበት ፈለገ።

ማገዶ ውድ ስለሆነ በፈረስ ፋንድያ ክምር ሙቀት ሞከረ። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ተበላሹ። ፋንድያው የሚያወጣው እርጥብ ትንፋሽ በውስጣቸው ያለውን ሽል ገደለው። ከዚያ በኋላ ትንፋሹ እንዳይገባ የተለሰነ በርሜል በፋንድያው ውስጥ ቀብሮ፣ ሙቀቱን በራሱ መለኪያ 32፣ ዛሬ በምንጠቀምበት መለኪያ 40 ዲግሪ ገደማ አድርጎ ያዘ፤ ተሳካለትም። መለኪያ መግዛት ለማይችል ሰው ደግሞ ቅቤና ሞራ ቀላቅሎ በትንሽ ጠርሙስ ማስቀመጥን መከረ፤ ድብልቁ ሲቀልጥ ሙቀቱ ይታወቃል።

ተፈልፍለው ሲያበቁ ሌላ ችግር መጣ። ጫጩቶቹ እናት የላቸውም። ሬኦሚር ጣሪያው ወደ ኋላ ዘቅዘቅ ያለ፣ ውስጡ በበግ አጎዛ የተሸፈነ ሳጥን ሠርቶ ሰው ሠራሽ እናት አለው። ጫጩቶቹ ከሥሩ ገብተው ጀርባቸውን በጸጉሩ ያሞቃሉ። በአገራችን ለጫጩት ማሳደጊያ የተዋወቀው፣ ዙሪያው በድርቆሽ የታጨቀው ሳጥንም ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይሁንና ሳጥን ጫጩትን አይጠራም፣ ጥሬ አያሳይም፣ ጭልፊት ሲመጣ አያስጠነቅቅም። ስለዚህ ሬኦሚር የተኮላሸ አውራ ዶሮ ጫጩት እንዲመራ ወደ ማስተማር ገባ። የዘመኑ ልማድ የአውራውን ሆድ ላባ ነጭቶ፣ በሳማ ለብልቦ፣ በመጠጥ አስክሮ ጫጩቶቹ ላይ ማስቀመጥ ነበር። እሱ ግን ይህ ሁሉ ጭካኔ እንደማያስፈልግ አረጋገጠ። አውራውን ጠባብና ጨለም ባለ በርሜል ለብቻው አኑሮ፣ ከተረጋጋ በኋላ ሁለት ሦስት ጫጩት ጨመረበት፤ ከተቀበላቸው ሌሎች አከለ። ብዙ ጫጩት አስከትለው የሚሄዱ አውራዎችንም አገኘ።

ለደንቢያ ገበሬ አውራ ማስተማር አያስፈልገውም፤ ታቃፊ ዶሮ አለችው። የሚያስፈልገው ያው ጨለማና ትዕግሥት ነው። ዶሮዋ አንድ ሁለት ሳምንት በእንቁላል ላይ በጽናት የተቀመጠች፣ ጫጩቱም ከአንድና ከሁለት ቀን ያልበለጠ ቢሆን ይመረጣል፤ የከረመ ጫጩት ጥሪዋን ሰምቶ ወደ ክንፏ አይገባም። ሲመሽ ያለ ብርሃን እንቁላሉን ከሥሯ እያወጡ ጫጩቱን አንድ በአንድ መተካት፣ ሲነጋ ቀድሞ ተነስቶ ማየት ነው። ከነቆረች ጫጩቱን ወዲያው ማንሳት ይገባል። ክንፏ ከሚሸፍነው በላይ መጨመር ግን ትርፍ የሚመስል ኪሳራ ነው። የፈንግል ክትባትም መዘንጋት የለበትም።

ሬኦሚር የዶሮውን ሥራ በሁለት ቅጽ በ1749 አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ያንኑ የጫጩት ጠላት ጭልፊትን ይዞ፣ ሥጋ የያዘ ትንሽ የብረት ቱቦ እያዋጠ ጨጓራ ምግብን በፈሳሽ እንደሚያሟሟ አሳየ። ትዳር አልያዘም። በጥቅምት 1757 ከፈረስ ወድቆ ሞተ፤ የጽሑፍ ማኅደሮቹንና የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ለአካዳሚው ተናዞ ነበር።